የስልኬ ጀርባ ለምን አበጠ?

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት የተጠቀምኩበት ስልክ ቻርጁን ቶሎ ይጨርሳል። ሰሞኑን ደግሞ ጀርባው አብጦ ስክሪኑን መግፋት ጀምሯል። ሌሊቱን ትራስ ሥር ቻርጅ ላይ ስለሚያድር ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ስልኩን አሁኑኑ ያጥፉት፤ ቻርጅም አያድርጉት። ያበጠው ባትሪው ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም መውጫ ስለሌለው ሽፋኑን ይነፋዋል። ትራሱ ሙቀቱን አፍኖ ጉዳቱን ሳያፋጥነው አልቀረም። ዕድሜውም አለ፦ በርካታ የስልክ ባትሪዎች 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል።

አይጫኑት፣ አይብሱትም፤ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡትና ሳይውል ሳያድር ልምድ ላለው የሞባይል ጥገና ባለሙያ ያሳዩት። አሮጌውን ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ ባለሙያው ጋ ይተዉት። አዲሱን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቻርጅ ያድርጉ።