ሕፃናት ጣት መጥባትን እንዲተዉ ስለ መርዳት

የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲታይ፥ በቤትም ሆነ በጎረቤት ዘንድ የማይቆጣው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ እጁን መንጭቆ ያወጣበታል፤ ሌላው «ይህ ገና ጡት አልጣለም» እያለ በሰው ፊት ይስቅበታል፤ ሦስተኛው ሬት ቀቡት፥ ሚጥሚጣ አድርጉበት ብሎ ይመክራል። ይህ ሁሉ ለልጁ በማሰብ የሚደረግ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ልጁን ከልማዱ ከማላቀቅ ይልቅ ልማዱን የሚያጠብቅበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ጽሑፋችን ወላጆች መቼ መታገሥ፥ መቼስ መርዳት እንደሚገባቸው፥ እርዳታውም በምን መንገድ ቢሆን እንደሚሻል ልናስረዳ አስበናል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ መጥባት ለሕፃን የተፈጥሮ ሥራው መሆኑ ነው። በእናቱ ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ እንኳ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ይታያል። ከተወለደም በኋላ የሚመገበው በመጥባት ነው፤ ሲጠባም ሰውነቱ ጸጥ ይላል፥ እንቅልፍም ይወስደዋል። ስለዚህ ጣቱን የሚጠባ ሕፃን ሁሉ ተርቧል ወይም ታሟል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ማንም ሳያስገድዳቸው ይተዉታል። ከዚህ ዕድሜ በፊት ወላጆች ስለዚህ ነገር ከልጃቸው ጋራ ሙግት መግጠም አያስፈልጋቸውም።

ቁጣውም ቢሆን የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ለእናቶች ባሳተመው የሕፃን አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ፥ ጣት የሚጠባ ሕፃን የልብሱ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖ እንዲሰፋበትና ለጥቂት ቀንና ሌሊት እንደዚያው እንዲቆይ ተመክሮ ነበር። ያው ቢሮ በ1940ዎቹ ባወጣቸው እትሞች ግን ምክሩን አለዝቦ፥ በሕፃንነት ዕድሜ ጣት መጥባት የሚያስፈራ ነገር አለመሆኑን ለእናቶች ማስረዳት ጀመረ። እኛም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍ የምናዘጋጅ ነንና፥ ይህን ስናስታውስ ለእናቶች ትእዛዝ ከማብዛት መቆጠብን እንመርጣለን።

ታዲያ መርዳት የሚያስፈልገው መቼ ነው? መልሱን የሚሰጡን ጥርሶች ናቸው። የወተት ጥርሶች 20 ሲሆኑ፥ ከ6 ወር ገደማ ጀምረው እስከ 3 ዓመት ድረስ በቅለው ያልቃሉ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች የሚመጡት ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። በየቀኑ ለብዙ ሰዓት በአፍ ውስጥ የሚውል ጣት የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ይገፋል፤ የታችኞቹን ወደ ውስጥ ያጋድማል። ልጁ ጥርሱን ሲገጥም በፊት በኩል ክፍተት ይቀራል፤ ላንቃውም ሊጠብ ይችላል። በዚያ ክፍተት ምላሱ እየወጣ «ሰ» እና «ዘ» ሲል ይኮላተፋል። ጣቱን አፉ ውስጥ አስቀምጦ ዝም ከሚለው ልጅ ይልቅ፥ በኃይል እየሳበ የሚጠባው የበለጠ ይጎዳል። ደግነቱ ልማዱ ቋሚዎቹ ጥርሶች ከመብቀላቸው በፊት ከቀረ፥ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይገጥማል። እንግዲህ ከ4 ዓመት በኋላ ያለው ጊዜ ለወላጆች የተሰጠ የሥራ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ንጽሕናን በሚመለከት ግን ዕድሜ አይጠበቅም። በመሬት ላይ ሲጫወት የዋለ ልጅ ጣቱን ሲጠባ፥ በእጁ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሆዱ ያስገባል። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ይህም ከዓይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በአፈር ውስጥ ከሰነበተ በኋላ በቆሸሸ እጅ አማካይነት ወደ ሌላ ልጅ ይተላለፋል። የተቅማጥ በሽታም እንደዚሁ በእጅ በኩል ይገባል። ስለዚህ ጣቱን የሚጠባ ልጅ ጥፍሩ በየሳምንቱ ሊቆረጥ፥ እጁም ከምግብ በፊት፥ ከሽንት ቤት መልስ፥ እንዲሁም ከጨዋታ ገብቶ ሳይቀመጥ በውሃና በሳሙና ሊታጠብ ይገባል። ሳሙና ካልተገኘ ዐመድ ያገለግላል።

አሁን ወደ ሬቱና ወደ ሚጥሚጣው እንመለስ። ሬት ጡት ለማስጣል በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሬት ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ስለ ሆነ፥ በየቀኑ በጣቱ ላይ ተቀብቶ የሚልሰውን ትንሽ ልጅ ሊያስቀምጠው ይችላል። ሚጥሚጣና በርበሬ ደግሞ ከዚህ የከፉ ናቸው፤ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ዓይኑን ሲያሽ በዚያው ጣት ነውና። በበርበሬ ጢስ ማጠን፥ እጁን ማሰር፥ መምታት፥ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ፈጽሞ የተከለከሉ ሊሆኑ ይገባል። ልጁ ጣቱን የሚጠባው ጭንቀቱን ለማብረድ ከሆነ፥ ያስጨነቅነው እንደ ሆነ ወደ ጣቱ መሸሹ የማይቀር ነው። ቢተወውም በፊታችን ብቻ ይተወዋል፤ በብርድ ልብሱ ውስጥ ግን ይቀጥላል።

የሚሻለው መንገድ በማስተዋል ይጀምራል። እናት ወይም አባት ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳይናገሩ፥ ልጁ ጣቱን ወደ አፉ የሚወስደው በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ይመልከቱ። ለምሳሌ ታናሽ እኅት የተወለደችለት የ4 ዓመት ልጅ፥ እናቱ ሕፃኒቱን ልታጠባ ስትቀመጥ ወዲያው ጣቱን ይጎርስ ይሆናል። ለዚህ ልጅ መድኃኒቱ በጣቱ ላይ የሚቀባ ነገር አይደለም፤ እናቱ በዚያች ሰዓት ከጎኗ አስቀምጣ በነጻው እጇ ብታቅፈው፥ ወይም የሕፃኒቱን ጨርቅ እንዲያቀብላት ብታዘው፥ የፈለገውን ነገር ያገኛል። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚጠባ ልጅ እጁ የሚይዘው ነገር ይሻል፤ ጭቃ መሥራት፥ ባቄላ መፈልፈል፥ ጨርቅ ማጠፍ ይበቃዋል። የሚጠባው ሲራብ ወይም ሲደክም ከሆነ ደግሞ የምግቡንና የመኝታውን ሰዓት ማስተካከል ነው።

ከዚህ በኋላ ልጁን በጸጥታ ጊዜ ማነጋገር ይገባል። «ልጄ፥ አሁን አድገሃል፤ ጣትህ እንዲያርፍ ልንረዳው ነው» ብሎ መናገርና፥ እርሱም መስማማቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያልፈቀደን ልጅ ማስተው አስቸጋሪ ነውና። በግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ፥ ሳይጠባ ለዋለበት ለእያንዳንዱ ቀን ልጁ ራሱ አንድ መስመር ያስምርበት። መጀመሪያ የቀኑ ብቻ ይቆጠር፤ የሌሊቱ መጨረሻ የሚቀር ስለ ሆነ መቸኮል አይገባም። ለመኝታ ሰዓት፥ እርሱ ራሱ ሲፈቅድ፥ በእጁ ላይ ንጹሕ ካልሲ ማጥለቅ ይረዳል፤ ይህም የሚደረገው ለቅጣት ሳይሆን ለማስታወሻ መሆኑ ይነገረው። ሲረሳ በሰው ፊት ከመጥራት ይልቅ፥ በሁለታችሁ መካከል ብቻ የሚታወቅ ምልክት፥ ለምሳሌ ትከሻን መንካት፥ ይበቃል። አንድ ቀን ተሳክቶለት ሲያመሽ ግን ምስጋናው ጮክ ተብሎ፥ አባቱም አያቱም እየሰሙ ይነገር።

የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል ካልሠሩ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እናት ስትታገሥ ታላቅ ወንድም ቢያሾፍ፥ ወይም ሞግዚቷ በሚጥሚጣ ብታስፈራራ፥ ልጁ የሚያምነውን ያጣል። አያቶች ለልጅ ልጃቸው የሚራሩ ስለ ሆኑ በዚህ ሥራ ጥሩ ረዳቶች ናቸው፤ ሬቱን ግን አስቀድሞ ከእጃቸው መለመን ያስፈልግ ይሆናል።

ልጁ ለ2 ሳምንት ትቶት ሲታመም ወይም ቤት ሲለወጥ እንደ ገና ቢጀምር፥ ልፋቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጥቂት አሳርፎ ወረቀቱን አዲስ መለጠፍ ነው። 5 ዓመት ካለፈው በኋላም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚጠባ ከሆነ፥ የፊት ጥርሶቹ ሳይገጥሙ ከቀሩ፥ ጣቱ ቆስሎ ወይም በጥፍሩ ዙሪያ መግል ይዞ ከታየ፥ ወይም ከመጥባቱ ጋራ ዝምታና ከሰው መሸሽ ከተጨመረበት፥ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ይገባል። የጥርስ ሐኪም በሚገኝበት ከተማ፥ ለልጁ የሚስማማ የላንቃ መሣሪያ ሊሠራለት ይቻላል፤ ይህም ልጁ ፈቃደኛ ሆኖ ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።