ወፍጮ ለማዕድን ማጣሪያ የሚሰጠው እርዳታ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ ቴዎፍራስቶስ፣ ሲናባር የሚባለው ቀይ ድንጋይ በመዳብ ሙቀጫና በመዳብ ዘነዘና ከኮምጣጤ ጋራ ቢታሽ ባዜቃ እንደሚገኝ ጽፏል። እሳት አላስፈለገም፤ መዳቡ የድንጋዩን ድኝ ወደ ራሱ ስቦ ባዜቃውን ለቀቀው። (ባዜቃ መርዝ ነውና ማንም በቤቱ አይሞክረው።)

ዛሬም የብረት ኳሶች ያሉበት ወፍጮ ድንጋዩን ከማላም አልፎ የውስጥ አሠራሩን ያናጋዋል። ስለዚህም ከከሰል ጋራ አብሮ የተፈጨ ኢልመናይት የተባለው የቲታንየም ማዕድን፣ በውስጡ ያለውን ብረት ካልተፈጨው ባነሰ ሙቀት ይለቃል።

ነገር ግን የተቆጠበው የማገዶ ወጪ ወፍጮው በሚፈጀው የኤሌክትሪክ ዋጋ ሊዋጥ ይችላል፤ ከኳሶቹ የሚፋቀውም ብረት ከዱቄቱ ተቀላቅሎ ያበላሸዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ፣ ለአንድ ቶን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅና ኳሶቹ በስንት ጊዜ እንደሚለወጡ ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል።