ካርቶኑን አዙሩት!

ውድ ተማሪዎች፣ ለመሆኑ ዛሬ ጠዋት ቁርሳችሁ ምን ነበር?

እኔ ሶሺዮሎጂ ተምሬ በማኅበራዊ ሠራተኝነት የማገለግል ወጣት ነኝ፤ በሥራዬ የብዙ ሰው ቤት አንኳኳለሁ። አንድ ጊዜ የሄድኩበት ቤት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ታናሽ ወንድሟን ብቻዋን ታሳድጋለች። ጠረጴዛው ላይ ስኳር የተቀባ የኮርንፍሌክስ ካርቶን አየሁ።

«ጋሼ፣ የሳምንቱን የአስቤዛ ብር ግማሹን ወሰደብኝ። ግን ቫይታሚን አለው ይላል። ደግሞ ጓደኞቹ ቁርስ ምን በላህ ሲሉት ቅንጬ ማለት ያፍራል» አለችኝ።

ልቆጣት አልቻልኩም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የምሳ ዕቃዬን በክዳኑ ከልዬ ነበር የምበላው። ይልቅ ካርቶኑን አዙረን ጎኑን አብረን አነበብን። እናንተም እንዲህ አንብቡ፦

1. የይዘት ዝርዝር፦ ጥሬ ዕቃዎቹ የሚጻፉት ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። ስኳር ሁለተኛ ላይ ከተጻፈ ብዙ አለ ማለት ነው። ስሙን ቀይሮም ይመጣል፤ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ሲረፕ ይባላል።

2. የስኳር መጠን፦ የእሷ ካርቶን በ100 ግራም ውስጥ 35 ግራም ስኳር እንዳለ ይገልጻል። ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተጻፈው 30 ግራም ነው። የልጁ ሳህን ግን የዚያን እጥፍ ይይዛል፤ ይኸውም 21 ግራም ስኳር፣ ከ5 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው እንዲህ ያለው ስኳር ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

3. ቫይታሚን፦ ኮርንፍሌክስ ሲሠራ የበቆሎው ቅርፊትና ፍሬው የሚበቅልበት ክፍል ይወጣል፤ ፋይበሩም አብሮ ይሄዳል። ብረትና ቫይታሚን በፋብሪካ ይጨመርበታል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ስኳሩን ግን አይቀንሰውም።

ነገሩ የቆየ ክርክር ነው። አሜሪካዊው ዊል ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1906 የኮርንፍሌክስ ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ሐኪም የነበረው ወንድሙ ጆን ስኳር መጨመሩን ይቃወም ነበር።

ታሽጎ የሚሸጥ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ስኳር ያልተጨመረበት አጃ ጥሩ ቁርስ ነው። ቅንጬ ውስጥ ግን ስኳር የሚገባው እናንተ ስትጨምሩበት ብቻ ነው። አቅም ሲፈቅድ ወተት፣ እንቁላል ወይም ሙዝ ቢታከልበት ደግሞ የተሟላ ይሆናል።

በሌላ ቀን ስመለስ ካርቶኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጁ እየሳቀ ከፈተልኝ፤ ውስጡ የተከካ የቅንጬ ስንዴ ነው! «ስኳር የለውም፣ አንብቤዋለሁ» አለኝ።

ወጣቶች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ። በጓደኛችሁ የምሳ ዕቃ ደግሞ በፍጹም አትሳቁ። ያቺ እህት ግማሽ አስቤዛዋን ያወጣችው ያንን ሳቅ ፈርታ ነበርና!