በጽኑ ሕክምና ክፍል ያለ ጨቅላ ሕፃን፣ ቤተሰቡና ፎቶግራፍ

በጎጃም ደጋ ልጅ ሲወለድ ቤት ይሞላል። ጎረቤትና ዘመድ ገንፎውን ለመቅመስ፣ አራሷንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ይሰበሰባል። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ይህ መልካም ልማድ በጥንቃቄ እንዲወሰን ግድ ሆኖ ነበር። ጥንቃቄው ከሁሉም በላይ የሚከብደው ሕፃኑ ያለጊዜው ወይም ታሞ ተወልዶ በሆስፒታል በቀረበት ቤተሰብ ላይ ነው። አባት በደጀን፣ በቢቸና ወይም በሉማሜ ሆኖ ልጁ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሊተኛ ይችላል። እናትም በቀዶ ሕክምና ወልዳ ወይም በቫይረሱ ተይዛ በሌላ ክፍል ልትቆይ ትችላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ያለ ጥንቃቄ ከተነሳ ግን ጉዳት ያስከትላል። ይህ ትምህርት ጥቅሙንና ጥንቃቄውን ለይቶ ያስረዳል።

ክፍሉ ለምን ጥብቅ ሆነ?

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 33ቱ የመጀመሪያዎቹን 28 ቀናት ሳይሻገሩ ይሞታሉ። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ ሰውነቱም ሙቀቱን ጠብቆ ለማቆየት ገና አቅም አላገኘም። የጨቅላ ሕፃን ትክክለኛ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳማ ደጋ ለጥቂት ደቂቃ መገለጥ እንኳ ሙቀቱን ያወርዳል።

የኮቪድ-19 ቫይረስ በአብዛኛው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ የሰው ቁጥር መቀነሱና ማስክ ማድረግ ተገቢ ነው። የእጅ ስልክ የሚያስከትለው ስጋት ደግሞ ከኮሮና ቫይረስ ይልቅ በሌሎች ተሕዋስያን በኩል ይበረታል። ስልክ በገበያ፣ በመኪናና በመጸዳጃ ቤት ሁሉ አብሮን ይውላል፤ ከእጃችን የሚወስደውን ተሕዋስ መልሶ ለእጃችን ይሰጣል። በአዋቂ ላይ ምንም የማያደርስ ባክቴሪያ ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን ደም ሊመርዝ ይችላል።

ፎቶግራፉ ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ መተማመንን ይፈጥራል። ልጁን ያላየ አባት በስልክ «ደኅና ነው» ሲባል ልቡ አያርፍም። ጥርጣሬው ሲበረታም ሕክምናው ሳይጠናቀቅ እናትና ልጅን ወደ ቤት ለመውሰድ ሊወስን ይችላል። ያየ ሰው ግን ለመታገሥ ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ከልጇ የተለየች እናት ወተቷን በእጅ ስታልብ የልጇን ፎቶግራፍ ብትመለከት ትረዳበታለች። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር እናት ልጇን ስታይ፣ ስታሸትና ስታስብ ይጨምራል፤ ጭንቀት ሲበዛባት ግን ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቤት ያሉት የሕፃኑን ሁኔታ ይማሩበታል። ለዚህም ፎቶግራፉ ከማብራሪያ ጋር መላክ አለበት። በአፍንጫው ያለው ቱቦ ኦክስጅን የሚሰጥበት፣ ወደ ሆዱ የሚገባው ቀጭን ቱቦ የእናቱ ወተት የሚወርድበት፣ በእግሩ ላይ ያለው ገመድ የኦክስጅን መጠኑንና የልብ ምቱን የሚለካ መሆኑ ይገለጽ። የቆዳ ቢጫነት ያለበት ሕፃን በሰማያዊ ብርሃን ሲታከም ዓይኑ የሚሸፈነው ከብርሃኑ ለመጠበቅ ነው። ይህን ያልተነገረው ቤተሰብ «የልጃችን ዓይን ጠፋ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

ከማንሳት በፊት

1. የክፍሉን ነርስ ወይም ሐኪም ያስፈቅዱ። «አሁን አይቻልም» ከተባሉ ይታገሡ፤ በዚያ ሰዓት ሕክምና እየተሰጠ ሊሆን ይችላል።
2. ማስክዎን አፍና አፍንጫዎን በሚሸፍን መልኩ ያድርጉ። ሳል፣ ትኩሳት ወይም የመተንፈስ ችግር ካለብዎት አይግቡ፤ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።
3. ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቀው እጅዎን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ።
4. የስልኩን ሽፋን አውጥተው ስልኩን ያጥፉ፤ 70 በመቶ አልኮል ባለው ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት ይጥረጉት፤ እስኪደርቅም ይጠብቁ። አልኮሉን በስልኩ ላይ አያፍስሱ።
5. በአንድ ስልክ ብቻ፣ በአንድ ሰው እጅ ይነሳ። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ።

በሚነሳበት ጊዜ

የስልኩን ድምፅና ብልጭታ ያጥፉ፤ የመስኮት ብርሃን ይበቃል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ብዙ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ድንገተኛ ብርሃንና ጩኸት ያውከዋል። ለፎቶግራፍ ሲባል ሕፃኑ አይገለጥ፣ ቆቡ አይወልቅ፣ ቱቦው አይነካ፣ የማሞቂያው መስኮት አይከፈት። ስልኩ በሕፃኑ አልጋ ላይ አይቀመጥ። ካነሱ በኋላ ሕፃኑን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን እንደገና ያጽዱ፤ ስልኩን የነካ እጅ እንዳልታጠበ ይቆጠራልና። ሁለት ወይም ሦስት ፎቶግራፍ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚመረጠው ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ሳለ የሚነሳው ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ሞቆታል፣ ተረጋግቷል። እናትና ልጅም በአንድነት ይታያሉ።

ፈቃድና ምስጢር

የሕፃኑ ምስል የሕፃኑ ነው፤ ወላጆቹ ስለ እርሱ ሆነው ይጠብቁታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ ይደነግጋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያም ሆነ ክፍሉን የሚጎበኝ እንግዳ፣ ባለሥልጣን ወይም ለጋሽ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንሳት አይገባውም። ፈቃዱም በነፃነት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ልጇ በሐኪም እጅ ያለ እናት «እምቢ ብል ልጄን ይበድሉብኛል» ብላ እንዳትፈራ፣ እምቢታዋ ሕክምናውን እንደማይነካ በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

ወላጆችም የጎረቤት አልጋ ላይ ያለ ሕፃን፣ የሌላ እናት ፊት፣ የሕክምና ካርድ ወይም ስም የተጻፈበት የእጅ ማሰሪያ በምስሉ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ፎቶግራፉ ለአባት ወይም ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ይላክ። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ተብሎም ቢሆን በፌስቡክና በቴሌግራም የተለቀቀ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሕፃኑ አድጎም ይከተለዋል።

በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሳትነሳ ለሰው ዓይን መግለጥን አይወድም። ፎቶግራፍ የማይሻ ወላጅ አይገደድ፣ አይነቀፍም። ልማዱ ራሱ «ጨቅላን ለሁሉ አታሳይ» ስለሚል ከዚህ ትምህርት ጋር ይስማማል።

ሐዘን ሲያጋጥም

ሕክምናው ሁሉ ተሞክሮ ሕፃኑ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ለአንዳንድ ወላጆች ያ አንድ ፎቶግራፍ ልጃቸው እንደነበረ የሚመሰክር ብቸኛ መታሰቢያ ይሆናል። በተለይ አባት ለቀብር እንኳ ሳይደርስ በቀረበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያው በእርጋታ ይጠይቅ፤ ወላጆች ከፈለጉ ሕፃኑ ተሸፍኖ፣ በእናቱ እቅፍ ሆኖ፣ በክብር ይነሳ። ካልፈለጉ ጥያቄው አይደገም። መልካም ሐሳብ ብለን ያነሳነው ምስል ለማይሻው ሰው የሐዘን መቀስቀሻ ነው።

ፎቶግራፍ የማይተካው

ፎቶግራፍ ለተለያዩት ድልድይ ነው እንጂ ለመለየት ምክንያት መሆን የለበትም። ቫይረሱ ያለባት ወይም የተጠረጠረች እናት ጭምር ማስክ አድርጋና እጇን ታጥባ ልጇን እንድታጠባና ቆዳ ለቆዳ እንድታቅፍ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ የጡት ወተትና የእናት እቅፍ ጥቅም ከበሽታው ስጋት ይበልጣልና። በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2013 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው በእናት ደረት ላይ ሲደረጉ፣ ሁኔታቸው እስኪረጋጋ ተጠብቆ ከተደረገላቸው ይልቅ ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እናት በጽኑ ከታመመች አባት ወይም አያት ደረታቸውን መስጠት ይችላሉ። ስለዚህ «ፎቶ ተልኮልኛል» ብሎ መቅረት አይገባም፤ መግባት የተፈቀደለት ወላጅ ይግባ፣ ይታጠብ፣ ይቀፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ሕፃኑ በሆስፒታል የቀረበት ቤተሰብ ቢኖር፣ ቤቱን ሳትሞሉ እንዴት ልትረዱት ትችላላችሁ?
2. የታመመ ሕፃን ምስል በስልካችሁ ቢደርሳችሁ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ማንን ልትጠይቁ ይገባል?
3. አባት ልጁን በደረቱ ማቀፉን ለሚያፍር ሰው ምን ትነግሩታላችሁ?

ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ ወይም በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውሉ።