የመስከረም አበባ፣ የኅዳር ሱቅ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ የጮቄን ተራራ በምሥራቅ በኩል እየታከከ ይሄዳል። በመስከረምና በጥቅምት መግቢያ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ግራ ቀኙን አበባ ያያል፤ ከተማ በገባ ቁጥር ደግሞ የሱቅ ረድፍ ይቀበለዋል። አብዛኛው ተጓዥ ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል፤ ሜዳው ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ከሱቁ ማርና ዘይት ሸምቶ ይመለሳል። እኔ ማስረዳት የምፈልገው ሁለቱ የአንድ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ መሆናቸውን ነው። በቢቸናና በሞጣ ሱቆች ከሚሸጠው ያገር ምርት ብዙው ከጥቂት ወራት በፊት በማሳና በሜዳ ላይ አበባ ነበር። አበባውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሲገዛም አይታለልም፤ ሻጩንም ያለ ጥፋቱ አይጠረጥርም።

በዝናቡ እንጀምር፤ የቀኑን ውሎ የሚወስነው እሱ ነውና። ዝናብ የሚያመጣው የደመና ቀበቶ የፀሐይን አካሄድ ይከተላል። መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ገደማ ፀሐይ የምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ደቡብ ስትወርድ ቀበቶውም ይከተላታል። ክረምቱ ግን በአንድ ቀን አይወጣም። ጠዋት ሰማዩ ይጠራል። ፀሐይ የረጠበውን መሬት ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄም የሚነፍሰውን አየር ሽቅብ ይገፋዋል። አየሩ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይቋጥራል፤ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ ይጥላል። ስለዚህ ለተጓዡ የሚስማማው አበባውን በጠዋት፣ ሱቁን ከሰዓት በኋላ ማየት ነው። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ዝናብ ሲመታ ብርዱ ይጠነክራል፤ ጋቢና ዣንጥላ አይቅር። የቢቸና አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጫማ ይይዛል፤ ከመንገዱ ዳር መውረድ የሚፈልግ ሰው ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አበባው። ከሩቅ ሁሉም ቢጫ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ቢያንስ ሦስት ቢጫዎች አሉ። የመጀመሪያው አደይ አበባ ነው። ማንም ሳይዘራው በመንገድ ዳር፣ በድንበርና በግጦሽ ጫፍ ይበቅላል፤ ቅጠሉ የተከፋፈለ ነው። በዘመን መለወጫ ሰሞን የምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው አብረው የሚያስሩት እሱን ነው። ሁለተኛው መጭ ነው፤ በሰብል መካከል ሳይጠራ የሚገባ አረም፣ ቅጠሉ ሲዳሰስ የሚሻክር። ሦስተኛው ኑግ ነው፤ ገበሬው ዘርቶት በማሳ ሙሉ ይቆማል፣ ቅጠሉም እንደ አደይ አልተከፋፈለም። አደይ ቀድሞ ይፈነዳል፤ ኑግ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ስለሚያብብ ትንሽ ዘግይቶ፣ በጥቅምት ይደምቃል። መጭና ኑግ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ተመራማሪዎች ኑግ ከመጭ ተለይቶ፣ በኢትዮጵያ ገበሬዎች እጅ ሰብል የሆነ ተክል ነው ይላሉ። በአንዱ ማሳ እየታረመ የሚጣለው የሌላው ወላጅ ነው ማለት ነው።

ከቢጫው ሌላ ሰማያዊና ነጭ አለ። ሰማያዊው ተልባ ነው። አበባው ማለዳ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ቅጠሎቹን ያረግፋል፤ አርፍዶ የመጣ ሰው አረንጓዴ ማሳ ብቻ አይቶ ያልፋል። ነጩ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትና ሽታው ከመንገድ የሚያውድ፣ ባቄላ ነው። በግጦሹ ሣር ውስጥ ዝቅ ብሎ ወይን ጠጅ የሚመስለው ደግሞ ማገጥ ነው፤ ከብትም ንብም ይወዱታል።

ዓይን የማይይዘው አበባም አለ፤ የጤፍ። የቢቸና አካባቢ በነጭ ጤፉ የታወቀ ነው፤ የጤፍ አበባ ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አላፊ አግዳሚው አያየውም። የሚከፈተውም በማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህን በ1960ዎቹ ማብቂያ ያስተዋሉት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ ነበሩ። አበባው የሚከፈትበት ሰዓት እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማኛን ከሌላ ዝርያ ጋር በማዳቀል በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ቁንጮ የሚባለው ጤፍ ተገኘ፤ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀቀ። አንድን አበባ በትክክለኛው ሰዓት ማየት የአገር እንጀራ እስከ መለወጥ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ አበባ የሚፈነዳበት ወቅት በቤተ ክርስቲያንም የራሱ ቦታ አለው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ካህናቱ በቅዳሜ ሌሊት ማሕሌተ ጽጌን እየቆሙ የእመቤታችንን ስደት ያስባሉ። በደብረ ወርቅ ማርያም መንገድ የሚያልፍ ሰው በዚያ ሰሞን ከመጣ ሜዳውና ማሕሌቱ በአንድ ቋንቋ ሲናገሩ ይሰማል።

አበባውንና ሱቁን የምታገናኘው ንብ ናት። ንብ በዝናብ አትወጣም፤ ክረምቱን በቀፎዋ ያለውን እየበላች ትከርማለች። በመስከረም ሰማዩ ሲከፈት አደይ፣ መጭና ማገጥ ይጠብቋታል፤ ኑግ ይከተላል። ኑግ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንለትም፤ የአንዱ ተክል የአበባ ዱቄት ያንኑ ተክል ፍሬ አያስይዝምና ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል። ስለዚህ በኑግ ማሳ አጠገብ ቀፎ ሲሰቀል ባለ ቀፎው ማር ያገኛል፣ የማሳው ባለቤት ፍሬ ይጨምርለታል። ማሩ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይቆረጣል፤ ኑጉ ከዚያ በኋላ ይታጨዳል።

እንግዲህ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ሱቁ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማሩ የመቼ ነው የሚለው ነው። በመስከረም የምናገኘው ማር ከአዲሱ አበባ ሊሆን አይችልም፤ አበባው ገና ሜዳ ላይ ነው። ባለፈው ኅዳር የተቆረጠ ከሆነ ረግቶ፣ ጠጠር ጠጠር ብሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ገዢ ይህን ሲያይ ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ሻጩን ያስቀይማል። ማር በዋነኛነት ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ስኳሮች ነው፤ ግሉኮሱ ሲበዛ ቶሎ ይረጋል። የኑግ ማር ከቶሎ ረጊዎቹ አንዱ ነው፤ የደጋው ቅዝቃዜም ያፋጥነዋል። መርጋት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይበቃዋል፤ እሳት ላይ መጣድ ጠረኑን ያጠፋል። ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ውሃ ከበዛበት ማር ነው። ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳያሽጉት ቀድሞ የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ገና አልወጣም፤ ሲቀመጥ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ «አባባ፣ ይህ ማር በየትኛው ወር ተቆረጠ? ከየትኛው አበባ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል። የሚያውቅ ሻጭ በደስታ ይመልሳል።

ቀጥሎ ሰሙ ነው። ማሩ ለጠጅ ሲጣል ሰሙ ይለያል፤ ከጥጥ ክር ጋር ሆኖ ጧፍ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉ ሱቆች ታስሮ የሚሸጠው ጧፍ እንዲያ ነው የሚመጣው፤ የሜዳው አበባ በጧፍ ሆኖ ማሕሌቱን ያበራል።

ከዚያ ዘይቱ። የኑግ ፍሬ ከክብደቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘይት ነው። ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ ላሚቷም ከአበባው ድርሻ አላት ማለት ነው። ተልባው በጾም ወራት ለወጥና ለመጠጥ ይሆናል፤ ባቄላው ተከክቶ ሽሮ ይሆናል። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ቢጫውን፣ ሰማያዊውንና ነጩን ማሳ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።

ይህ ሰንሰለት ግን እየሳሳ ነው። ገበሬው ጤፉን ከአረም ለማዳን ቱ ፎር ዲ የሚባለውን መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ የሣር ወገን የሆነውን ጤፍ ይተዋል፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይገድላል፤ መጭ፣ ማገጥና አደይም ከእነዚህ መካከል ናቸው። አረም የማረም ድካሙን ለሚያውቅ ሰው ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ድንበሩንና የመንገዱን ዳር ሳይረጩ መተው ይቻላል፤ የተባይ መድኃኒትም ቢሆን ንቧ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ምሽት ላይ ቢረጭ ጉዳቱ ይቀንሳል። ባለ ቀፎና ባለ ማሳ ጎረቤታሞች ቀኑን ተነጋግረው ቢወስኑ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ተጓዡስ? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን አስጨናቂ፣ ሱቁንም ገዢ አጥ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ ግድ ነው። ሲመች ግን አንድ ጉዞ አይበቃም። በመስከረም መጥተው አበባውን ይዩ፤ አደዩን በክንድ ሙሉ አይንቀሉት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ከሚረግፈው ፍሬ ነውና። ከማር ሻጩ ጋር ይተዋወቁ፣ ስልኩን ይያዙ። በኅዳር ተመልሰው አዲሱን ማር ከእሱ ይግዙ፤ በሚገባው ዋጋ የተገዛ ማር ገበሬው ቀፎውን እንዳይተውና ድንበሩን እንዳይረጭ ምክንያት ይሆነዋል።