የቤንዚን ትነትና የተለወጠው የሞተር ኮምፒውተር

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሳሪስ፣ በጎፋና በመካኒሳ አካባቢ በሚገኙ ጋራዦች የመኪናን የሞተር ኮምፒውተር መለወጥ እንግዳ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተሩ ውሃ ገብቶበት ሲበላሽ፣ ባትሪ ተገልብጦ ታስሮ ሲቃጠል ወይም ሞተሩ በጠቅላላው በሌላ ሲተካ፣ ባለሙያው ወደ ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ያስመጣል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የሚያግድ ውሳኔ ስላሳለፈች፣ ቀድሞ የገቡትን እየጠገኑ ማቆየቱ ይበልጥ የሚጠበቅ ነው።

ሞተሩ ከተነሣና የማስጠንቀቂያው መብራት ከጠፋ ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሥራውን ቢያቆም ሹፌሩ ሳያውቅ ለዓመታት ሊነዳ የሚችልበት አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ክፍል ኮምፒውተር ሲለወጥ ስለምን እንደሚቋረጥና በምን መንገድ ሊጠበቅ እንደሚችል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ትነቱ ከየት ይመጣል? በሰልባትዮው ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ክፍት ቦታ በአየርና በቤንዚን ትነት ድብልቅ የተሞላ ነው። ቀን ሲሞቅ ድብልቁ ይሰፋና መውጫ ይፈልጋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰልባትዮው ከውጭ አየር ይስባል። መኪናው ቆሞም ይተነፍሳል ማለት ነው። በበጋ የአዲስ አበባ ሌሊትና ቀን የሙቀት ልዩነታቸው ሰፊ በመሆኑ ይህ ትንፋሽ ጥልቅ ነው።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይጨመራል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን ወደ 77 ዝቅ ይላል። የቤንዚኑ ትነት ግፊት 35 ኪሎ ፓስካል ነው እንበል። ይህ ግፊት በሙቀትና በቤንዚኑ ዓይነት እንጂ በከፍታ አይወሰንም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ለአየሩ የሚቀረው ድርሻ 66 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በሳሪስ ግን 42 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ እጅ አየር ከሰልባትዮው ሲወጣ በባሕር ዳርቻ 0.53፣ በሳሪስ ደግሞ 0.83 እጅ ትነት ይዞ ይሄዳል። ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከግማሽ በላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከሚወጣው ውስጥ ካንሰር የሚያስከትለው ቤንዚን የተባለው ንጥረ ነገር (ስሙ ከነዳጁ ጋር ቢመሳሰልም ራሱን የቻለ ውሁድ ነው) ይገኝበታል። ለጋራዥ ሠራተኛ ግን የቅርቡ አደጋ እሳት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ መካኒኩ ገብቶ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ 1.4 ከመቶ ያህል ሲሆንም በአንድ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የብየዳው ሥራና የቡናው ከሰል ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ርቀው በሚገኙበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ትነት ለመያዝ የሚያገለግለው በከሰል የተሞላ ጥቁር ጣሳ፣ ካኒስተር የሚባለው ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ በ1971 ሞዴል መኪኖች ላይ የትነት መቆጣጠሪያ ግዴታ ሆነ። በጣሳው ውስጥ ያለው ከሰል በልዩ ዘዴ የተዘጋጀና እጅግ ቀዳዳማ በመሆኑ አንዱ ግራም ከ1,000 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ገጽ ሊኖረው ይችላል። የቤንዚኑ ሞለኪውሎች በዚህ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ነገር ግን ገጹ ወሰን አለው፤ ካልተራገፈ ይሞላል፤ ከሞላም በኋላ የመጣው ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ማራገፉ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ሞተሩ ከሞቀና መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ኮምፒውተሩ በካኒስተሩና በሞተሩ አየር ማስገቢያ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ በፍጥነት እየከፈተ ይዘጋል፤ ሞተሩም ንጹሕ አየር በከሰሉ ውስጥ አሳልፎ ትነቱን ይስብና ያቃጥለዋል። የባከነው ነዳጅ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞዴል መኪና ለተለያዩ ገበያዎች ሲሠራ የጭስና የትነት መሣሪያው ይለያያል። ሶኬቱ ልክ ቢገባም አዲሱ ኮምፒውተር ለቫልቩ የሚሆን መውጫ ላይኖረው ወይም መውጫው በሌላ ፒን ላይ ሊሆን ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠራ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፦ ከእ.ኤ.አ. 1996 ወዲህ በዚያ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳን ሳይቀር ስለሚፈልጉ፣ በሰልባትዮው ላይ የግፊት መለኪያ ካላገኙ መብራቱን ያበራሉ። አንዳንዶች በቫልቩ ፋንታ ሬዚስተር አስረው መብራቱን ያጠፋሉ። ይህ ኮምፒውተሩን ማታለል እንጂ ጥገና አይደለም፤ ካኒስተሩ ሞልቶ ይቀራልና።

ትክክለኛው አካሄድ የሁለቱን ኮምፒውተሮች የሽቦ ንድፍ አስተያይቶ የቫልቩን ሽቦ ወደሚገባው ፒን ማዛወር ነው። ቫልቩ ከማብሪያው በኩል 12 ቮልት ያገኛል፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጣጠረው የመሬቱን ወገን ነው። የቫልቩ ጥቅል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኦም ይለካል። ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ዝግ መሆን ይገባዋል፤ በዚህ ጊዜ አየር ካሳለፈ ሞተሩ በሚኒሞ ይንገጫገጫል። ከዚያም ሞተሩን አሙቆ፣ ነዳጅ እየሰጡ፣ ወደ ካኒስተሩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅሎ በጣት መዝጋት ነው፤ ስበቱ እየተቆራረጠ ከተሰማ ኮምፒውተሩ ሥራውን ይዟል።

ኮምፒውተሩ መውጫ ከሌለውስ? ለዚህ የካርቡሬተር ዘመን መፍትሔ አለ፤ በእኛ አስተያየት ከሬዚስተሩ እጅግ ይሻላል። ቱቦው ከነዳጅ መስጫው ክዳን ጥቂት ከፍ ብሎ ከሚገኝ ቀዳዳ ጋር ይገናኛል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ክዳኑ ከቀዳዳው በታች ዝግ ስለሆነ ስበት አይደርስም፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ስበቱ ይጀምራል። በመሐል በማቀዝቀዣው ውሃ ሙቀት የሚከፈት ቫልቭ ቢገባ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ማራገፍ አይጀመርም። ይህ አሠራር መጠኑን እንደ ኮምፒውተር አይመጥንም፤ ሆኖም የኦክስጅን መለኪያው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ትርፉን ራሱ ያስተካክላል።

ለዓመታት ሳይራገፍ የቆየ ካኒስተር ፈሳሽ ቤንዚን ጠጥቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከመገጠሙ በፊት ተነቅሎ ይመዘን፤ ከከበደ ወይም የከሰል ብናኝ ከረገፈው መለወጥ አለበት፤ ብናኙ ቫልቩን ይዘጋዋልና። ነዳጅ ይጠፋል ተብሎ ማደያ ላይ እስከ አፉ ማስሞላትም ወደዚሁ ያደርሳል፤ የማደያው ጡት ራሱ ሲያቆም ማቆም ይበቃል።