በድረ ገጽ የሚወጡ ፎቶግራፎችን በምን እናሳንስ?

ለማኅበር ድረ ገጽ የሚላኩ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በእጅ ስልክ የተነሡና ብዙ ሜጋባይት የሚመዝኑ ናቸው። በሳልሚያ፣ በሐወሊና በፈርዋኒያ የሚኖሩ እህቶቻችን የሚልኩትን እንዳለ ብንለጥፈው፣ ካርድ እየሞላ የሚያነብ ሰው ገጹ ሳይከፈትለት ሒሳቡ ያልቃል። ስለዚህ ማሳነስ ግድ ነው። የመሣሪያው ምርጫ ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው የፍጥነት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

አስቀድመን የማሽኑን ሸክም እንመልከት። 4000 በ3000 የሆነ ሥዕል 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝ 48 ሜጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል። ባለ 50 ሚሊዮን ነጥብ ከሆነ 200 ይደርሳል። ጂዲ የተባለው የፒኤችፒ መሣሪያ ሥዕሉን በሙሉ ስለሚከፍት በርካሽ ሰርቨር ላይ መንገድ ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሊብቪፕስ በበኩሉ ቁራጭ በቁራጭ ስለሚያሳልፍ በጥቂቱ ይብቃቃል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ፣ ኤግዚፍ በሚባለው የፋይሉ ክፍል ውስጥ ቀኑንና የስልኩን ዓይነት፣ ከተፈቀደለትም የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጽፋል። ቁጥሩ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሊጠቁም ይችላል። በኩዌት አሠሪዋን የለቀቀች የቤት ሠራተኛ «ጠፍታለች» ተብላ ልትከሰስ ትችላለች። እንዲህ ያለች እህት ጅሊብ ተጠግታ፣ ፊቷን ሸፍና የላከችው ሥዕል አድራሻዋን ይዞ ቢወጣ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የማሽኑ አይደለም። (በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይቀራል፤ እንደ ሰነድ ሲላክ ግን አብሮ ይመጣል።)

እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ክሪስቲ በዱፖንት ሳለ የጀመረው ኢሜጅማጂክ፣ «ሪሳይዝ» ብቻ ብንለው ኤግዚፉን እንደያዘ ያሳንሳል፤ «ስትሪፕ» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን «አውቶ-ኦሪየንት» ማዘዝ ይገባል፤ የሥዕሉ አቅጣጫም የሚጻፈው እዚያው ስለሆነ፣ ቀድመን ካጠፋነው ሰውየው በጎኑ ተኝቶ ይወጣል። ጂዲ ኤግዚፉን አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ይህንኑ ስሕተት ሳንጠየቅ ያሠራናል። በሊብቪፕስ ላይ የተሠራው ሻርፕ ካልታዘዘ በቀር ኤግዚፉን ይጥላል፤ እኛም ኖድ የሚያሠራ ሰርቨር ላለው ይህንን እንመርጣለን። ኢሜጅማጂክን የሚመርጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥዕል መስሎ የገባ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል እንደነበረ ያስታውስ፤ አዲሱን እትም ይጫን፣ ከጄፔግና ከፒኤንጂ በቀር አይቀበል።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት የቦታ ምልክቱን ከፍተን የራሳችንን በር ፎቶ እናንሣ፤ በመሣሪያው አሳልፈን በኤግዚፍቱል እንመርምረው። ዋናውንም ፋይል ማንም ሊከፍተው ከሚችል አቃፊ እናውጣ።